ሳይግሉ ስለሚያበሩ ቁሶች፦ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ እስከ ደላንታ ኦፓል

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በተፈጥሮ ዋሻ ሥር የታነጸው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ በጠበልነት የሚከበርበት ቦታ ነው። የቀን ብርሃን በዋሻው አፍ ገብቶ ወደ ውስጥ በዘለቀ መጠን እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በውስጠኛው ክፍል ያለው ነገር በደንብ የሚታየው አንድም በጧፍ፣ አንድም በባትሪ መብራት ነው። ብርሃንና ጨለማ እንዲህ በሚዋሰኑበት ስፍራ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ ቁስ ሳይግል፣ እሳትም ሳይነካው፣ ከራሱ ብርሃን ሊያመነጭ ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ያን ብርሃን ከየት ያመጣዋል? ይህ ሐተታ ጥያቄውን ላሊበላ ባለችበት በላስታና በአጎራባቹ በሚገኙ ነገሮች ላይ እየፈተነ፣ አንዱን መልስ በሌላው ጥርጣሬ እየመዘነ ይሄዳል፤ ሐታቲውም ዓይን የተቀበለውን ሁሉ አእምሮም ሳይመረምር እንዲቀበለው አይፈቅድም።

በመጀመሪያ የሚመጣው አሳብ ብርሃን የእሳት ልጅ ነው የሚለው ነው፤ ይህም አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከሰምና ከጥጥ ክር የሚሠራው ጧፍ ሲለኮስ፣ የቀለጠው ሰም በክሩ ሽቅብ ተስቦ ይተናል፣ ትነቱም እየነደደ ሳለ በነበልባሉ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የጥቀርሻ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚግሉ ቢጫ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ጧፉ ሲያበራ የሚያበራው በዋናነት የጋለው ጥቀርሻ ነው ማለት ነው። ጆን ድሬፐር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1847 እንዳሳየው ደግሞ ጠጣር ነገሮች፣ ዓይነታቸው ቢለያይም፣ በጨለማ ውስጥ በደብዛዛ ቅላት መታየት የሚጀምሩት ወደ 525 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በታች ያለ ነገር ጨረር አያመነጭም ማለት አይደለም፤ የዋሻው ዐለትም፣ የሰው ገላም ያለ ማቋረጥ ጨረር ይሰጣሉ፣ ነገር ግን ያ ጨረር ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። ከዚህ አንድ መለኪያ ይገኛል፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ድንጋይ በሙቀቱ ምክንያት ብቻ የሚታይ ብርሃን ሊሰጥ ስለማይችል፣ ከእንዲህ ያለ ድንጋይ የሚታይ ብርሃን በእርግጥ ከወጣ፣ ያ ብርሃን ከሙቀት ሌላ ምንጭ አለው።

ነገር ግን «በእርግጥ ከወጣ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጥርጣሬ የሚገባበት በር ነው። በዋሻ ውስጥ የነሐስ መስቀል ሲያበራ ይታያል፤ ሆኖም ጧፉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የላስታ ገበሬ በሌሊት በባትሪ ሲያበራ የጅብ ዓይን ፍም መስሎ ይመለከተዋል፤ ይህም የሚሆነው ከዓይኑ ብሌን በስተኋላ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን የገባውን ብርሃን ወደ መጣበት ስለሚመልሰው እንጂ እንስሳው ብርሃን ስለሚያመነጭ አይደለም፤ ከውጭ ምንም ብርሃን በሌለበት ጨለማ የጅብ ዓይን አይታይም። ስለዚህ ማብራት ሁሉ ማመንጨት አይደለም። ሐታቲው እዚህ ላይ አንድ ሥርዓት ይይዛል፦ አንድ ነገር ብርሃን ያመነጫል ከማለቱ በፊት ብርሃኑ ተመልሶ፣ ተበትኖ ወይም ተሰብሮ የመጣ የሌላ ብርሃን አለመሆኑን ያረጋግጣል።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አጥብቆ የሚፈትነው ከላስታ በስተ ደቡብ ከደላንታ የሚወጣው ድንጋይ ነው። በወገል ጤና ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘውና «የወሎ ኦፓል» በሚል ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የታወቀው ኦፓል፣ በጥንት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብር ውስጥ ውኃና ሲሊካ ተዋሕደው የፈጠሩት ሲሆን፣ ሲሊካ ማለት አሸዋና መስታወት በብዛት የሚሠሩበት የሲሊኮንና የኦክስጅን ውሁድ ነው። ቆፋሪዎች ከደጋው አፋፍ ወርደው በገደሉ ወገብ ላይ አግድም እየቆፈሩ የሚያወጡት ይህ ድንጋይ፣ በእጅ ተይዞ በፀሐይ ሲታይ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበልባል በውስጡ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሲዳስሱት ግን ቀዝቃዛ ነው። እነሆ የተፈለገው ምሳሌ ተገኘ ለማለት ይህ በቂ ይመስላል፤ ሆኖም ድንጋዩን ጥቂት ዘንበል ቢያደርጉት ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ሌላ ቦታ ላይ ሰማያዊ ብቅ ይላል። ከውስጥ የሚመነጭ ብርሃን በተመልካቹ አቅጣጫ እንዲህ ሊለዋወጥ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአውስትራሊያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተደረገው ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፦ በኦፓል ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር ከሺህ እጅ አንዱን እንኳ የማይሞሉ የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ተደርድረዋል፣ ድርድሩም የገባውን ነጭ ብርሃን በየአቅጣጫው ለያይቶ የተለያየ ቀለም ያሳያል። የኦፓሉ ኅብረ ቀለም ብዙ ቢደነቅም ከውጭ የተዋሰው ነው።

ታዲያ ኦፓሉ ከምርመራው ወጣ ማለት ነውን? አልወጣም። ያው ድንጋይ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሐምራዊ ብርሃን ባሻገር ያለውንና ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ መብራት ሥር ሲቀመጥ፣ ከደላንታ ኦፓሎች አንዳንዶቹ ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህም ብርሃን ድንጋዩን ቢያዞሩት ቀለሙን አይለውጥም። ተጠራጣሪው ግን በርካሽ የሚሸጡት የአልትራቫዮሌት ባትሪዎች የሚታይ ሐምራዊ ብርሃንም ጨምረው ስለሚረጩ፣ ድንጋዩ ያንኑ መልሶ ሊሆን ይችላል ይላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱም በተግባር የሚገኝ ነው። የሚታየውን ብርሃን በጥቁር ማጣሪያ መስታወት ከልክሎ አልትራቫዮሌቱን ብቻ መልቀቅ፣ በዓይን በኩል ደግሞ ሐምራዊና አልትራቫዮሌት የማያሳልፍ ቢጫ መስታወት ማድረግ ነው። ከመብራቱ የወጣው ጨረር አንዱም ሁለቱን መስታወቶች ሊያልፍ ስለማይችል፣ ከቢጫው መስታወት በስተኋላ የቆመ ዓይን አረንጓዴ ብርሃን ካየ፣ ያ አረንጓዴ በመካከል፣ በድንጋዩ ውስጥ፣ አዲስ ተወልዷል ማለት ነው።

በሁለት ማጣሪያዎች መካከል የመመርመር ዘዴ የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ የጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነው። ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 የወባ መድኃኒት በሆነው የኪኒን ሙሙት ላይ ባደረገው ምርመራ፣ የማይታየው ጨረር ገብቶ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚወጣ አሳይቶ ክስተቱን ፍሎረሰንስ ብሎ ሰይሞታል። ከእርሱም የሚበልጥ ነገር አስተውሏል፦ የሚወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከገባው ይረዝማል። የሞገድ ርዝመት የብርሃን ቀለም መለኪያ ሲሆን፣ ዓይን የሚያየው በግምት ከ400 ናኖሜትር ሐምራዊ እስከ 700 ናኖሜትር ቀይ ያለውን ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለዚህ ሕግ ምክንያቱ የተገኘው ግን አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ብርሃን ኃይሉን በማይከፋፈሉ እሽጎች እንደሚያቀብል ካስረዳ በኋላ ነው። እነዚህ እሽጎች ዛሬ ፎቶን ይባላሉ፤ የሞገዱ ርዝመት ባጠረ መጠን የፎቶኑ ኃይል ይበልጣል። 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ፎቶን 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ሲይዝ፣ 520 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ፎቶን 2.4 ያህል ይይዛል። ድንጋዩ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ሲሰጥ፣ በመካከል የቀረው አንድ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ከገባው ኃይል 30 በመቶ ገደማ፣ ወደ ሙቀት ተለውጦ በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ክስተት ሙቀት የብርሃኑ አባት ሳይሆን የሂሳቡ ትርፍራፊ ነው።

በድንጋዩ ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት የኤሌክትሮንን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአቶም ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች የሚቆሙት በተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ላይ ብቻ ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል ማረፊያ የለም። ፎቶኑ ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኛው ደረጃ ሲያነሣው፣ ኤሌክትሮኑ በመጀመሪያ ከአሸተን ማርያም ተራራ እንደሚወርድ መንገደኛ በጥቃቅን እርምጃ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ በእያንዳንዱ እርምጃም ለአካባቢው ሙቀት ያካፍላል፤ ቀጥሎ ሰፊ ክፍተት ሲገጥመው በአንድ ዝላይ ይወርዳል፣ የዚያ ዝላይ ኃይልም ፎቶን ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው ቀለም የሚወሰነው በክፍተቱ ስፋት እንጂ በድንጋዩ ሙቀት አይደለም። በኦፓል ውስጥ አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጠው ሲሊካው ራሱ ሳይሆን፣ በጣም ጥቂት መጠን ያለውና ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ዩራኒየም፣ በኬሚስቶች አጠራር ዩራኒል፣ ነው፤ ነጣ ያለው ሰማያዊ ደግሞ በሲሊካው አወቃቀር ውስጥ ካሉ ጉድለቶች ይመነጫል። እዚህ ላይ ሐታቲውን የሚያስደንቀው ነገር፣ ንጹሕና እንከን የለሽ ነው የሚባለው ክፍል ጨለማ ሆኖ ሲቀር፣ እንግዳው አቶምና የተጓደለው ማያያዣ ብርሃን ሰጪ ሆነው መገኘታቸው ነው።

ይህን ተከትሎ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ የፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌት ካለበት፣ የላስታ ጥቁር ዐለት ሁሉ ለምን አያበራም? መልሱ ኤሌክትሮን የሚወርድበት መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ብረት በብዛት በሚገኝበት ማዕድን፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንደተፈለፈሉበት ያለ የባዛልት ወገን ዐለትም እንዲህ ነው፣ የብረት አቶሞች የተነሣሣውን ኃይል ተቀብለው ወደ ሙቀት ያወርዱታል፤ ብርሃን ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ድንጋዩን ማሞቅም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ የአቶሞች መርገብገብ በበረታ ቁጥር ያለ ብርሃን የሚወረድባቸው መንገዶች ይበዛሉ፣ ፍሎረሰንሱም ይደክማል። የጋለ ነገር በሙቀት ሲደምቅ፣ ይህ ብርሃን በሙቀት ይጠፋል፤ ሁለቱ ብርሃኖች በባሕርይ የተለያዩ ስለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

አሁንም አንድ ችግር አለ። የፍሎረሰንስ ብርሃን መብራቱ እንደጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ አንዳንድ ቁሶች በጨለማ ውስጥ ለሰዓታት ማብራታቸው እንዴት ይብራራል? እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ በኢጣልያ ከተማ በቦሎኛ የጫማ ሠሪውና የአልኬሚ ሰው ቪንቼንዞ ካሺያሮሎ ባራይት የተባለውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር ካቃጠለው በኋላ፣ ፀሐይ አይቶ ጨለማ ሲገባ የሚያበራ ቁስ አግኝቶ ነበር፤ ጋሊሊዮን ጨምሮ የዘመኑ ሊቃውንት ድንጋዩ ብርሃንን ምጦ ይዞ እንደሚያስቀር ወይም ሌላ ምክንያት እንዳለው ተከራክረዋል። ብርሃን ግን እንዳለ ሆኖ አይጠራቀምም፤ የሚጠራቀመው ኃይሉ ነው። በአንዳንድ ቁሶች የተነሣው ኤሌክትሮን በማዕድኑ ጉድለት ተይዞ ይቀርና፣ በአካባቢው ሙቀት ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ሲወርድ ብርሃኑ ዘግይቶ ይወጣል፤ ይህ ዘግይቶ የሚወጣ ብርሃን ፎስፎረሰንስ ይባላል።

ወጥመዱ ጥልቅ ሲሆን መዘግየቱ በሰዓት ሳይሆን በሺህ ዓመታት ይቆጠራል። በአፈር ውስጥ ያሉ የኳርትዝና የፌልድስፓር ቅንጣቶች በዙሪያቸው ካለው ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በሚወጣ ጨረር ኤሌክትሮኖቻቸው እየተያዙ ይከማቻሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ሲነካቸው ደግሞ ክምችቱ ይራገፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪድ ሀንትሊና ባልደረቦቹ ከጨለማ የወጣን ቅንጣት በብርሃን ቀስቅሰው ያጠራቀመውን በማስለቀቅ፣ ደለሉ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበትን ዘመን መለካት እንደሚቻል አሳዩ። በሀገራችን በድሬዳዋ አካባቢ ያለው የጎዳ ቡቲቻ ዋሻ ደለል በዚህ ዘዴ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ሐታቲው ግን እዚህ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ኳርትዝ በሰማያዊ ብርሃን ሲቀሰቀስ የሚለካው አልትራቫዮሌት ነው፤ ከገባው የበለጠ ኃይል ያለው ፎቶን ወጣ፣ የስቶክስም ሕግ ተጣሰ። ጥሰቱ ግን በመልክ ብቻ ነው። ሰማያዊው ብርሃን የብርሃኑ ምንጭ ሳይሆን የወጥመዱ መክፈቻ ነው፤ ትርፉ ኃይል ቅንጣቱ ከተቀበረ ጀምሮ ከጨረር የተቀበለው ነው። ሂሳቡ በዘመናት ሁሉ ከተደመረ ይገጥማል።

ይህ ሲታወቅ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትን ዘመን በዚሁ ብርሃን ማወቅ አይቻልምን የሚል ተስፋ ያድራል። ተስፋው መጠን ሊበጅለት ይገባል። መሮ ዐለትን ሲፈለፍል የሚከፈተው ገጽ ከዚያ ጀምሮ ብርሃን ስለሚያገኝ ክምችቱ በየቀኑ ይራገፋል፤ ዘመኑን ሊናገር የሚችለው ተፈልፍሎ የተጣለው ፍርስራሽና በሥሩ ተቀብሮ የቀረው አፈር ነው። የላሊበላን የአፈላፈል ቅደም ተከተል ያጠኑና ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙ አርኪዮሎጂስቶች ለእነዚህ የፍርስራሽ ክምሮች ትልቅ ቦታ መስጠታቸው ተገቢ ነበር። በዚያም ላይ የእሳተ ገሞራ ፌልድስፓር ያጠራቀመውን ያለ ቀስቃሽ የማፍሰስ ጠባይ ስላለው ዕድሜን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ይህም ሆኖ ክምሮቹን ጠርጎ ቦታውን ማስዋብ፣ ገና ያልተነበበ መዝገብን እንደ ማቃጠል ይቆጠራል።

ከድንጋይ ወደ ዕለታዊ ኑሮ ሲወረድ ጥርጣሬው በሌላ መልክ ይመጣል። በላስታ መንደሮች ኩራዝን እየተካ ያለው የፀሐይ ኃይል መብራት ኤል ኢ ዲ የተባለውን አካል ይጠቀማል፤ ይህን መብራት ለጥቂት ጊዜ አብርቶ ጀርባውን የዳሰሰ ሰው ሙቀት ያገኛል። ታዲያ ሳይግል ያበራል ማለት እንዴት ይቻላል? ነገሩን የሚለየው ማቀዝቀዝ ነው። የድሮው አምፖል ክር 2,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ የሚያበራ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይጨልማል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ሲቀዘቅዝ እንዲያውም ይደምቃል። ሙቀቱ የሥራው ብክነት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። መብራቱ ጠፍቶ በቅርብ ሲታይ ቢጫ ነጥብ አለው፤ ቢጫው ሴሪየም የተጨመረበት የማዕድን ዱቄት ሲሆን፣ በሥሩ ጋሊየም ናይትራይድ ከተባለ ሴሚኮንዳክተር የተሠራ ቅንጣት አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ባዶ ቦታዎችን እየሞሉ ዝቅ ሲሉ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል፤ ዱቄቱም ከሰማያዊው ከፊሉን ተቀብሎ በፍሎረሰንስ ቢጫ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይን ነጭ ይሆናሉ። ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የደላንታ ኦፓልና የመንደሩ መብራት ቀለምን በመለወጥ ረገድ የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ነገሮችን በሁለት ከፍሎ፣ እሳት ያለባቸው በሙቀት ያበራሉ፣ እሳት የሌለባቸው ያለ ሙቀት ያበራሉ ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። የጧፉ ነበልባል ግን ይህን ክፍፍል አይቀበልም። በነበልባሉ ግርጌ፣ ከክሩ አጠገብ፣ ስስ ሰማያዊ ክፍል አለ፤ ያ ሰማያዊ ከጋለ ጥቀርሻ የሚመጣ አይደለም፣ በዚያ ቦታ ጥቀርሻ ገና አልተፈጠረምና። የሚመጣው በመንደድ ላይ ያሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቁርጥራጮች ከኬሚካዊ ለውጡ በቀጥታ ተነሣሥተው ሲወርዱ ነው፤ ቀለሙም እንደ ኦፓሉ በኃይል ደረጃዎች ክፍተት እንጂ በሙቀት አይወሰንም። በእሳት መካከልም የሙቀት ልጅ ያልሆነ ብርሃን አለ ማለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በነገሮች መካከል ሳይሆን ብርሃን በሚወለድባቸው መንገዶች መካከል ነው፤ ጀርመናዊው አይልሃርድ ቪደማን እ.ኤ.አ. በ1888 ሉሚነሰንስ ያለውም ይህን መንገድ፣ ቁሱ በሙቀቱ ምክንያት ሊሰጥ ከሚገባው አልፎ የሚሰጠውን ብርሃን ሁሉ ነው።

ይህ ዕውቀት ለላስታ ሩቅ አይደለም። በዋሻ ቤተ ክርስቲያናት የሚጠበቁ የብራና መጻሕፍት በአልትራቫዮሌት ሥር ሲታዩ፣ የቆዳው ፕሮቲን ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፣ ከጥቀርሻ የተቀመመው ቀለም ግን ጨረሩን ውጦ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ በዚህም በቀን ብርሃን ደብዝዞ የማይነበብ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፣ የተፋቀና የተጠገነ ቦታም ይለያል። ጨረሩ ቆዳንና ኅብር ቀለምን የሚጎዳ ስለሆነ ምርመራው አጭርና በባለሙያ የሚደረግ መሆን አለበት። ለደላንታ ኦፓል አቅራቢም እንዲሁ ነው፤ ድንጋዩ ውኃ የሚመጥ ቀዳዳማ በመሆኑ ቀለም ይነከራል፣ በጭስም ይጠቁራል፣ ስለዚህ በመብራት ሥር የታየውን ከሌሎች ፈተናዎች ጋር አዛምዶ መፍረድ ይገባል እንጂ በአንድ ምልክት መደምደም አይገባም።

ሐተታው በዚህ ያደረሰው ነጥብ፣ ያለ ሙቀት የሚወጣ ብርሃን ያለ ምክንያት የሚወጣ ብርሃን አለመሆኑ ነው፤ በተገኘበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የተሰጠ ኃይል አለ፣ ከጨረርም ይሁን ከኤሌክትሪክ፣ ከኬሚካዊ ለውጥም ይሁን በመሬት ውስጥ ካለ ጨረር። ይህን ለማስተማር ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ አንድ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ሁለት ማጣሪያ መስታወትና ከደላንታ የመጣ አንድ ድንጋይ ባሉት የላሊበላ ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ዓይኑ ያየውን ነገር ምንጭ እስኪያገኝ ድረስ እንዲጠይቅ ማሠልጠን ይቻላል። እንዲህ የሠለጠነ ተማሪ የአባቶቹን ብራናም፣ የፍልፍል ዐለቱን ፍርስራሽም በሌላ ዓይን ያያቸዋል፤ የሚጠብቃቸውም ምን ሊናገሩ እንደሚችሉ ስላወቀ ነው።